በክረምት ካምፕ ልጆቻችንን ለመገቡልን እናት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ኮምቦልቻ ባዘጋጀችው የልጆች የክረምት ካምፕ የቡድን መሪ ሆኜ አገልግያለሁ። ካምፑ ካለቀ ወዲህ ብዙ ወላጆች መንገድ ላይ ሳይቀር እያስቆሙ «ልጆቻችንን በደህና መለሳችሁልን» ብለው አመስግነውናል፤ እግዚአብሔር ያክብርልን። ግን ምስጋናው የሁሉም ሆኖ ሳለ ለአንድ ሰው ሳይደርስ እንዲቀር አልፈልግም። ምግብ አብሳያችን ስለነበሩት እናት ነው የምጽፈው። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ አልጠራውም። ልጆቹ «እማማ» ይሏቸው ነበር፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው።

በልጆች አገልግሎት ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ መዝሙሩን፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቱን፣ ጨዋታውን ወራት ተጨንቀን እናዘጋጃለን፤ ወጥ ቤቱን ግን የመጨረሻው ሳምንት ላይ «ማን ያብስልልን?» እንላለን። ከዚህ በፊት ባገለገልኩበት ሌላ ካምፕ በዚሁ ምክንያት ግማሹ ልጅ ሆዱን እያመመው ሌሊቱን በሙሉ ወደ መጸዳጃ ቤት ስናመላልስ አድረናል። ከዚያ ወዲህ ልጅ ይዤ ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ምግቡን ማን እንደሚሠራ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገራችሁ። አብዛኞቹ ልጆች የመጡት ከደሴ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ተራራ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ ላይ ናቸው፤ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በጠመዝማዛ ነው የሚወረደው። በዚያ ላይ የነሐሴ ጉም አለ። አውቶቡሶቹ እያዘገሙ ወርደው ግቢያችን ሲደርሱ መሽቷል። ልጆቹ ፊታቸው ገርጥቷል፣ ያስመለሳቸው ብዙ ናቸው፣ ትንንሾቹ ማልቀስ ጀምረዋል።

በፕሮግራማችን መሠረት እራት ምስር ወጥ በእንጀራ ነበር። እኛ ልጆቹን አሰልፈን እጅ ልናስታጥብ ስንል እማማ ወጡን ከፈት አድርገው መልሰው ከደኑት። «ይሄ ሆድ አሁን በርበሬ አይችልም» አሉና ዝንጅብል የፈላበት ሻይ ከደረቅ ዳቦ ጋር ማደል ጀመሩ። «አብሽሩ ልጆቼ፣ ቀስ እያላችሁ ጠጡ፣ ማንም አያስቸኩላችሁም።» ሰዓት ያህል ቆይቶ ቀለማቸው ሲመለስ ድንች አልጫ ወጣ። ለካ ከሰዓት በኋላ ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲወርድ አይተው አልጫውን ለብቻው ጥደው ኖሯል። ያንን ማንም አልነገራቸውም። ምስሩ ለማግስቱ ምሳ ሆነ።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ምግብ ሲወጣ ጭልፋውን ለረዳቶቻቸው ይሰጡና እሳቸው ሳህን የሚታጠብበት ቦታ ይቆማሉ። የዕቃ አጣቢዋን ሥራ ለምን እንደሚሠሩ አልገባኝም ነበር። ለካ የሚያዩት የሚመለሰውን ሳህን ነው። ከ100 በላይ ልጅ መሀል ማን እንደበላ፣ ማን እንጀራውን ጠቅልሎ ጥግ ላይ እንደደበቀ፣ ማን ለጓደኛው እንደገለበጠ ከዚያ ሆነው ይለያሉ። ማታ ለመሪዎች ግምገማ ስንሰበሰብ በሩ ላይ ቆም ይሉና «ካንቺ ቡድን ሰማያዊ ሹራብ የምትለብሰው ልጅ ትናንት ማታም ዛሬ ምሳም አልበላችም፤ ለስላሳ ለስላሳውን ምግብ ብቻ ትመርጣለች» ይላሉ።

የዚያች ልጅ ቡድን መሪ ጎበዝ እህት ናት፣ ግን አላስተዋለችም። እኔም ብሆን አላስተውልም ነበር፤ ልጅቷ ትስቃለች፣ ትዘምራለች፣ ትሮጣለች። ቀስ ብለን ስንጠይቃት የኋለኛው ጥርሷ አብጧል። ያልተናገረችው ወደ ቤት እንዳትመለስ ፈርታ ነው። ለእናቷ ደውለን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ እማማም እስኪሻላት ድረስ ቅንጬና ሽሮ ለብቻ እያዘጋጁላት፣ ልጅቷ እስከ መጨረሻው ቀን ከእኛ ጋር ቆየች። ይሄ ከምግብ አብሳይ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም፣ በውላቸውም ላይ የለም።

ውሃውንም ያላነሳሁት እንደሆነ ይቆጨኛል። ክረምት ላይ ውሃ ደፍርሶ ሲመጣ እስኪጠልል አቆይተው፣ በንጹሕ ነጠላ አጥልለው፣ የሚጠጣውን «ውሃ አጋር» በሚባለው የክሎሪን ማከሚያ ያክሙታል። ለ20 ሊትር ጀሪካን በማከሚያው ጠርሙስ ክዳን ለክተው ይጨምራሉ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም እንዲቀዳ አይፈቅዱም። አንድ ቀን ከኳስ የመጡ ልጆች ጠምቷቸው ሲለማመጡ እኔ ራሴ «እማማ፣ ትንሽ ብቻ» ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ደቂቃዋ ስትሞላ» አሉኝ፣ ጀሪካኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው። ካምፑ እስኪያልቅ ሆዴን ያለ ልጅ አልነበረም።

ሌላው፣ ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ካምፑ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ይሁን እንጂ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ የመጡ፣ የሚጾሙ ልጆችም ነበሩ፤ እናቶቻቸው አደራ ብለው ነው የላኳቸው። እማማ ለጾመኞቹ ድስቱንም ጭልፋውንም ለይተው፣ ቁርስ ላይ ሌላው እንቁላል ሲበላ እነሱ ሱፍ ፍትፍት እንዲያገኙ አደረጉ። ልጆቹ ተለይተው እንዳይሸማቀቁ ደግሞ ሱፉን ለፈለገ ሁሉ ያድሉ ነበር፣ ብዙዎቹም ከእንቁላሉ እሱን መረጡ። የልጅ እናት አደራ እንዲህ ሲጠበቅ ማየት ደስ ይላል።

ለእኛ ለመሪዎቹም ቢሆን የማታ ተረኛ የሆነ ሰው ፔርሙዝ ሙሉ ሻይና ቆሎ ሳያገኝ አድሮ አያውቅም። አልጋ ላይ የሚሸኑ ትንንሽ ልጆች ነበሩን። ከእራት በኋላ ሻይ ለእነማን እንደማይሰጥ በጆሯችን የነገሩን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ እሳት ሊያነዱ ሲነሱ አንሶላውን ተቀብለው ሌላው ልጅ ሳይነቃ ያጠቡልን እሳቸው ናቸው። የትኛውም ልጅ በዚህ ምክንያት አላፈረም።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ክረምት ካምፕ፣ ለወጣቶች ጉባኤ፣ ለሠርግም ቢሆን ምግብ አብሳይ የምትፈልጉ፣ እኚህን እናት ያዙ። የሚያስፈልገውንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፣ ግን የገበያውን ዝርዝር በደብተር ጽፈው፣ ደረሰኙን አያይዘው፣ የተረፈውን ብር ቆጥረው ነው የሚያስረክቡት። ሁለት ረዳቶች ይዘው ይመጣሉ፣ የእነሱ አበል ለብቻ ይታሰባል። ትልልቅ ብረት ድስቶች የራሳቸው ናቸው። ከእናንተ የሚፈልጉት ጣሪያ ያለው ማብሰያ ቦታ፣ ዝናብ ያልነካው ማገዶና በቂ ውሃ ነው። ክረምት ላይ ሜዳ ላይ አብስሉ ብትሏቸው አይቀበሉም፣ እውነታቸውን ነው። የልጆቹን ብዛትና ዕድሜ ከአንድ ሳምንት በፊት ማወቅ ይፈልጋሉ። የምግቡ ዓይነት ብዙ አይደለም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ አልጫው፣ ፓስታው እየተፈራረቀ ይመጣል። ለልጅ ግን ከዚህ በላይ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

እማማ፣ ይሄን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። ድካምዎን ጌታ ይቁጠርልዎ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጆቹ አሁንም እሑድ እሑድ «እማማስ?» እያሉ ይጠይቁናል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከፋሲካ በኋላ ቶሎ ስለሚያዙ ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ስትደውሉም ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ወዲህ ይሁን።