ለሞዴል ክሬን ክብደት የቱ ይሻላል፦ የጎሚስታ እርሳስ፣ ዳዶና ሮንዴላ፣ ታንግስተን ወይስ አሸዋ?

ይሄ 1:50 (ከእውነተኛው 50 ጊዜ ያነሰ) ዳይካስት፣ ማለትም በቅርጽ የፈሰሰ ብረታ ብረት የሆነ ክሬን ገዝታችሁ ቡሙን (ረጅሙን ማንሻ ክንድ) ሙሉ ዘርግታችሁ ማቆም ለምትፈልጉ ነው፣ በተለይ እዚህ ባህር ዳር ቤታችሁ ወደ ጣና የሚያይ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በመስኮት የሚገባባችሁ ከሆነ። ዳይካስት ስለሆነ ከባድ ነው ብላችሁ እንዳትተማመኑ፣ አካሉ የዚንክ ቅይጥ ቢሆንም አንዳንዱ ሞዴል ላይ ከኋላ ያለው ካውንተርዌይት (ጭነቱን ሚመዝነው ክብደት) ውስጡ ባዶ ፕላስቲክ ነው። በ2016 ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ የአባይ ድልድይ ሲሰራ ቆሞ ያየ ሰው ትልቅ ክሬን ያለ ካውንተርዌይት ከባድ ነገር እንደማያነሳ ያውቃል። እውነተኛው ክሬን 100 ቶን ከኋላው ከጫነ በ1:50 ሲሰላ 800 ግራም ነው ሚመጣው (ቁመትም ወርድም ከፍታም ስለሚያንስ በ125,000 ይካፈላል)፣ ባዶ ፕላስቲክ ደሞ እዛ አካባቢ አይደርስም።

እንግዲህ ዋናው ችግር ቦታ ነው። 10 ሴንቲሜትር ኪዩብ ክፍት ቦታ ካላችሁ ድፍን እርሳስ 113 ግራም፣ ብረት 78፣ ታንግስተን 193፣ ደረቅ አሸዋ ግን 16 ግራም ገደማ ነው ሚይዘው። አሸዋን እዚሁ ጋ እንተወው በቃ፣ በዛ ላይ በየቀዳዳው እየፈሰሰ ማዞሪያው ውስጥ ይገባል።

እኔ ለብዙ ሰው ምመርጠው ጎሚስታ ቤት ጎማ ባላንስ ሲደረግ ቸርኬው ላይ ሚለጠፈውን ነው። ባለ 5 እና ባለ 10 ግራም ቁራጭ ሆኖ ስለሚመጣ እየቆረጣችሁ ልክ ማስተካከል ትችላላችሁ፣ ስስ ስለሆነም ከሻንሲው ስር ሳይታይ ይገባል፣ ማጣበቂያውም አብሮት ነው። ስትሄዱ ማግኔት ያዙ፣ ከሳበው ብረት ነው፣ ካልሳበው እርሳስ ወይ ዚንክ ነው። እርሳሱ ይከብዳል ግን መርዝ ነው፣ አውሮፓ ህብረት ለጎማ ባላንስ እንዳይውል በፈረንጆቹ 2005 ነው የከለከለው፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ እባካችሁ ብረቱን ውሰዱ። እርሳስ ከነካችሁ እጃችሁን ታጠቡ፣ የመኪና ባትሪ ሰብሮ እርሳስ ማቅለጥን ደሞ ጭራሽ አታስቡት፣ አሲዱም ጭሱም አደጋ ነው። ሌላው ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር እርሳስን በነጩ የእንጨት ኮላ ማጣበቅ አይሆንም፣ ከጊዜ በኋላ ነጭ ዱቄት እያወጣ ያብጥና የታሸገበትን ነገር ይሰነጥቀዋል፣ ኢፖክሲ ተጠቀሙ።

ዳዶና ብሎን የትም ብረታ ብረት ሱቅ አለ፣ መርዝም የለው፣ ግን በመሃሉ ክፍተት ስለሚበዛ ያ 78 ግራም በጣም ይወርዳል። ከዳዶ ሮንዴላ ይሻላል፣ ተደራርቦ ይቀመጣል። ካውንተርዌይቱ ሰፊ ለሆነ ትልቅ ክሬን እሱ በቂ ነው፣ ሌላ ወጪ አያስፈልጋችሁም።

ታንግስተን ከውጭ ሚመጣ ሰው ካላችሁ አስመጡ፣ እንደ ሊጥ የሚጠፈጠፈው ዓይነት ከንጹሁ ቢቀልም ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል፣ ስትፈልጉ ደሞ ታወጡታላችሁ። ውድ ነው፣ ትንሽ ባለ ሁለት አክስል ክሬን ካልሆነ በስተቀር አላስፈላጊ ነው ባይ ነኝ።

ከምትገዙት ነገር በላይ ግን የምታስቀምጡበት ቦታ ነው ሚወስነው። ጭነቱ ካለበት በኩል ካለው እግር 60 ሳንቲም ወጣ ብሎ 50 ግራም ቢንጠለጠል፣ ከዛው እግር 10 ሳንቲም ወደኋላ ያለ ክብደት ለሱ ብቻ 300 ግራም መሆን አለበት (የቡሙን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር)፣ 15 ሳንቲም ወደኋላ ብታደርጉት ግን 200 ይበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ካውንተርዌይቱን ሙሉት፣ የተረፈውን ሻንሲው ስር ዝቅ አድርጋችሁ ለጥፉ። ከኋላ አብዝታችሁ ደሞ ቡሙን ሽቅብ ቀጥ ስታደርጉት ወደኋላ እንዳይገለበጥ፣ ማዞሪያውም ትንሽ ፕላስቲክ ከሆነ ጫናውን አይችለውም። ሱፐር ግሉ መስታወቱ አጠገብ አትጠቀሙ፣ ጭጋግ ያለብሰዋል። ስትጨርሱ ቡሙን ወደ ጎን አዙራችሁ ሞክሩት፣ ክሬን በጎን ነው ቶሎ ሚወድቀው፣ እጃችሁን ስሩ አድርጋችሁ።