ለልምምድ ሱፐርቫይዘሬ ምስጋና፣ ቦታ ለምታፈላልጉም ጥቆማ

በትምህርት ቤት ሳይኮሎጂ የክሊኒክ ልምምዴን በቅርቡ በማጠናቀቄ፣ ከመጀመሪያው ኬዝ እስከ መጨረሻው ሪፖርት ሥራዬን በኃላፊነት የተከታተሉልኝን ሱፐርቫይዘሬን በአደባባይ ላመሰግን፣ የልምምድ ቦታ ለምታፈላልጉ የሙያው ተማሪዎችም ልጠቁማቸው እወዳለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ፣ ለሚጠይቀኝ ሰው በውስጥ መስመር አገናኛለሁ።

ሙያው ከመነሻው በልጁ ፊት ተቀምጦ የሚሠራ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላይትነር ዊትመር እ.ኤ.አ. በ1896 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ክሊኒኩን ሲከፍት በመጀመሪያ የተቀበለው፣ ቃላትን አስተካክሎ መጻፍ የተሳነውንና መምህርት ያመጣችውን ልጅ ነበር። ዛሬም የአሜሪካ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶች ብሔራዊ ማኅበር ለስፔሻሊስት ደረጃ (ከማስተርስ በላይ፣ ከዶክትሬት በታች ለሆነው ሥልጠና) ቢያንስ 1200 ሰዓት ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም የሥራ ላይ ልምምድ፣ ይጠይቃል፤ ከዚህም ቢያንስ 600ው በትምህርት ቤት ውስጥ መሆን አለበት። ሰዓቱስ እንደምንም ይሞላል፤ የሚቸግረው ሥራውን ቀርቦ የሚያይ ሰው ማግኘቱ ነው።

እርሳቸው ሪፖርት ብቻ አንብበው አይፈርሙም። የፈተናውን የመልስ ቅጽ ዘርግተው፣ በወላጅ ፈቃድ የተቀዳውን ቪዲዮ እያስቆሙ፣ «እዚህ ላይ ዝም ያለው መልሱ ጠፍቶበት ነው ወይስ ጥያቄው አልተሰማውም?» ይላሉ። ተለማማጅ «ትኩረቱ ይበታተናል» ብሎ ከጻፈ፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ ምን ሲያደርጉ እንደሆነ እስኪያብራራ ድረስ ዐረፍተ ነገሩን ያሰርዙታል። ይኸው ጥያቄ አንድ ጊዜ እንደገና ወደ ክፍል አስገባንና፣ ልጁ መመሪያ በቃል ሲነገር የጎረቤቱን ደብተር እንደሚመለከት፣ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ግን ወዲያው ሥራውን እንደሚጀምር አየን፤ ስለ ትኩረቱ ከመወሰናችን በፊትም የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት ሐሳብ አቀረብን። የምርመራው ውጤት የልጁና የቤተሰቡ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

ውጤትን ለወላጅ ማስረዳትን ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው። አማካዩ 100 በሆነ መመዘኛ 85 ያገኘ ልጅ እናት፣ ልጃቸው ከመቶ 85 ያመጣ መስሏቸው ደስ ሊላቸው ይችላል፤ በእርግጥ ግን ከእኩዮቹ መካከል ከእርሱ በታች የሆኑት 16 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህንን እናትየውን ሳያስደነግጡ፣ እውነቱንም ሳያድበሰብሱ መናገር ከመጽሐፍ የሚገኝ አልሆነልኝም። መጀመሪያ እርሳቸው ሲናገሩ አዳመጥኩ፣ ቀጥሎ አብረን ተናገርን፣ በመጨረሻም እርሳቸው ከጎኔ ዝም ብለው ተቀምጠው እኔ ተናገርኩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁት። ሪፖርት ደጋግመው ስለሚመልሱ፣ ቶሎ አስፈርሞ ለመጨረስ ለሚቸኩል ሰው አይመቹም። በአንጻሩ ሳምንታዊውን የውይይት ሰዓታችንን በሌላ ሥራ አያሳብቡበትም፤ የልጅ ደኅንነት የሚያሰጋ ነገር ሲያጋጥም ደግሞ ሰዓቱን ሳይጠብቁ ስልክ ያነሳሉ። የሚቀበሉት ተለማማጅ ጥቂት ስለሆነ፣ ማመልከት የምትፈልጉ ምደባ ከመጀመሩ በፊት ጠይቋቸው።