ያገለገለ የጀልባ ሞተር የምትገዙ፣ ወረቀቱን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ

ደሜ ሳይበርድ ልጻፈው። ትናንት ማታ ነው ከአዲስ አበባ ባዶ እጄን የተመለስኩት።

ሰፈሬ ያላችሁ ጀልባዋን ታውቋታላችሁ። ባሕር ዳር ግቢዬ ውስጥ ሰባት ወር ተገልብጣ የከረመችው፣ ባለቤቴ «ጣውንቴ» የምትላት። አሮጌ ፋይበር ግላስ ናት። ወለሏ በስብሶ ስለነበር ቀድጄ አወጣሁት፤ ሞተር የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳም ውስጡ ያለው ኮምፐልሳቶ ውኃ ጠጥቶ እንደ ፍትፍት ሆኖ ነበር፣ እሱን ዝቄ ጨርሼ በአዲስ ተካሁ። በግራይንደር ላግኩ፣ ሬዚን ቀባሁ፣ ፋይበር ደረብኩ። ብናኙ ስንት ሌሊት እንዳሳከከኝ እኔ ነኝ የማውቀው። የቀረኝ ሞተር ብቻ ነበር።

የአዲስ አበባ ሞተር ሻጮችን ታውቋቸዋላችሁ። ሱቃቸው ትንሽ፣ አፋቸው ትልቅ። ደላላው ፎቶ ይልካል፣ ከዚያ ይደውላል፣ «ሌላ ሰው ቀብድ ሊከፍል ነው» ይላል። ያማሃ፣ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 280 ሺህ ብር። «ከዱባይ የመጣ ነው፤ ጨው ውኃ አይቶ አያውቅም» አለኝ የሱቁ ልጅ። እኔም አመንኩ። ዱባይ ሐይቅ ላይ ያለች ይመስል!

ልገዛ የሄድኩ ቀን ግን ክብሩን ብታዩ። «ጋሼ ይቀመጡ፣ ጋሼ ቡና ይምጣልዎት።» ሞተሩን ውኃ የሞላ በርሜል ውስጥ አቁመው ገመዱን አንዴ ሲስቡት ተነሣ። የማቀዝቀዣው ውኃም በጎኑ ቀጥ ብሎ ወጣ። ክዳኑን ስነካው ሞቅ ብሏል። «ቀድማችሁ አስነሥታችሁት ነበር እንዴ?» ስለው፣ «ለሌላ ደንበኛ አሳይተን ነው ጋሼ» አለኝ። አለፍኩት። የደከመ ሞተር የሚያስቸግረው ሲቀዘቅዝ ነው፣ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካውን የኮምፕሬሽን መለኪያዬንስ? ቤት ትቼው ነበር የሄድኩት። ሰው ፊት ካንዴላ ፈትቼ ስለካ «አላመነንም» ይላሉ ብዬ አፍሬ። ይሉኝታ 280 ሺህ ብር አስከፈለኝ።

በአይሱዙ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ መጣ። ሰቀልኩት። ቤንዚኑን ከዘይት ጋር 50 ለ1 ደባልቄ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ወጣሁ። ጉልበቱ አነሰኝ፤ ግን ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ሞተር ሁሉ እዚህ ይደክማል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቀጥ አለ። እምቦጭ የውኃ መሳቢያውን ደፍኖት ይሆናል ብዬ ባየው ንጹሕ ነው። በታንኳ የሚያልፉ ዓሣ አጥማጆች ጎትተው አወጡኝ። ባለ ሞተሩ በታንኳ ሲጎተት! ሳቃቸውን እንኳ ዋጥ አድርገውልኛል፣ እግዜር ይስጣቸው።

ቤት ገብቼ ኮምፕሬሽኑን ለካሁ። አንዱ ሲሊንደር 115 ፒኤስአይ፣ ሌላው 60። የካምቢዮውን ቡሎን ስፈታው የወጣው ዘይት ሳይሆን ማኪያቶ ነው፤ ውኃ ገብቶበታል። ቴስታታውን፣ የሲሊንደሮቹን ክዳን ማለቴ ነው፣ ስከፍት የማቀዝቀዣ ቦዮቹ በጨው ግግር ተሞልተዋል። ከውጭ ግን አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል።

ሞተሩን ይዤው ባልሄድም ፎቶውን ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ያው ልጅ፣ ያው ወንበር። ስልኩን እየነካካ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ምን ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። መሳቢያውን ሳበ፣ የሽያጭ ወረቀቱን ጥራዝ አወጣ፣ በእርጋታ ገለጠና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «አንብበው» አለኝ።

አንብበው! ቡና ሲያስመጣልኝ የነበረው ልጅ።

«ያገለገለ የጀልባ ሞተር፣ ለመለዋወጫ፣ ዋስትና የሌለው» ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ፣ ያቺ የምኮራባት ጥምዝምዝ። ያኔ ስፈርም አንዱ ሞተሩን እየጫነ፣ ልጁ ገንዘቡ መግባቱን በስልኩ እያየ፣ ደላላው «ቶሎ በሉ ጋሼ፣ መኪናው ሊሄድ ነው» እያለ ነበር። መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ኪሴ ውስጥ!

«ለመለዋወጫ ከሆነ በርሜል ውስጥ ለምን አስነሣችሁልኝ?» አልኩት።

«እንዲነሣ ፈለግህ፣ ተነሣ። ፈርመሃል እኮ።»

ከኋላው ዕቃ የሚደረድረው ሳቀ። እኔ የእሱን አባት ነው የማክለው። «ጋሼ»ውም «እርስዎ»ውም ከ280 ሺው ጋር አብረው ገቢ ሆነዋል።

ለማንኛውም፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይነሣ፤ ሞቆ ካገኛችሁት ቁጭ ብላችሁ እስኪበርድ ጠብቁ። ለኩት፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ትታችሁ ውጡ። የካምቢዮ ዘይቱን እዩ። መነጽር አድርጉ። መለኪያ የሌለው የባሕር ዳር ሰው ካለ መጥቶ የእኔን ይውሰድ፤ እኔ ለጊዜው የምለካው ነገር የለኝም።