ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አገናኝ ቢሮ ሞግዚት ያገኘሁበት መንገድ

ሞግዚት ፍለጋ የወጣሁት የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ዘግይቻለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው፣ ልጄ ግን እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ምንም እንዳትቀምስ ጤና ጣቢያ ነግረውኛል። ስለዚህ የምፈልገው አልቤ ያስቀመጥኩትን ወተት በሥርዓቱ የሚሰጥ ሰው ነበር።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ሜክሲኮ ያለ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። ፈጣን ናቸው፣ ይህን አልክድም። ጠዋት ተመዝግቤ ከሰዓት ሦስት ሴቶች አገናኙኝ። የመታወቂያ ኮፒ ይይዛሉ፣ ተያዥም ያስፈርማሉ። ከዚያ ያለፈ ግን ስለሰዎቹ ምንም አያውቁም። ሁለቱን «ልምድ ያላት ናት» አሉኝ፣ ሦስተኛዋን «ልምድ የላትም ግን በትንሽ ደመወዝ ትገባለች»። የት ሠሩ፣ ለምን ወጡ ብዬ ስጠይቅ ደላላው «እህቴ፣ እሱን ራሳቸውን ጠይቂያቸው» አለኝ። ኮሚሽኑን ግን ከእኔም ከእነሱም ይቀበላሉ። በጣም ነው ያናደደኝ።

እኔም ቢሮ ውስጥ ጥያቄ መደርደሩን ትቼ የቀናቸውን እየከፈልኩ በየተራ ግማሽ ግማሽ ቀን ቤት አዋልኳቸው።

የመጀመሪያዋ አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ አለች፣ አፏም ይጣፍጣል። ከፍሪጅ ያወጣሁትን የጡት ወተት ስሰጣት እንደ ላም ወተት ድስት ውስጥ ገልብጣ እሳት ላይ ጣደችው። ሁለተኛዋ እጇ ፈጣን ነው፣ ቤቱን አብለጨለጨችው፣ ልጅቷ ስታለቅስ ግን ቀና ብላም አላየቻት።

ሦስተኛዋ ዝምተኛ ናት። እንደገባች «እትዬ፣ የት ልታጠብ?» አለችኝ። ወተቱን ከነኩባያው ሙቅ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይታ አንድ ጠብታ እጇ አንጓ ላይ አንጠባጥባ ሞከረችው። ከዚያ ልጅቷን ቀና አድርጋ አቅፋ በትንሽ ስኒ፣ ሳትቸኩል፣ እየዋጠች መሆኑን እያየች ሰጠቻትና እስክታገሳ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። የተረፈውን መልሳ ፍሪጅ ልትከተው ነው ብዬ ሳያት ደፋችው። የት ተማርሽው ስላት «እህቴ ፋብሪካ ስትገባ ልጇን ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለች። ቢሮው ልምድ የላትም ያላት እሷን ነው!

የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የማታ ትምህርት። ደላላው «እንዳትፈቅጂላት፣ ትበላሻለች» ብሎኝ ነበር። መማር ምኑ ያበላሻል? አሁን እኔ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ እሷ ደብተሯን ይዛ ትወጣለች።

ውሉን ደግሞ አንብቡት። ለእኔ ፈቃድ የሰጠኝ ያው አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፣ ቢሮው የሚያስፈርመው ወረቀት ላይም ስለ እረፍት ቀን አንድ ቃል የለም። እኛው በእስክሪብቶ ጨመርንበት፦ እሁድ ሙሉ ቀን እረፍት፣ ስትታመም ደመወዝ አይቆረጥም፣ ለመለያየት ሁለታችንም የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን።

ለቢሮው ከአምስት ኮከብ ሁለት እሰጣለሁ፣ እሱም ለፍጥነታቸው። ከሄዳችሁ ቤት አውላችሁ ሳታዩ ኮሚሽን አትክፈሉ። መጀመሪያ «አሠራራችን አይደለም» ይላሉ፣ እኔንም ብለውኛል። ተነስታችሁ ልትወጡ ስትሉ ይስማማሉ።