የብር ሹካና ማንኪያ ስትመርጡ፦ ሻንቲሊ፣ ግራንድ ባሮክ ወይስ ፍራንሲስ ዘ ፈርስት?

ነገሩን ሳላዞር ልናገር። የስተርሊንግ ብር ሹካና ማንኪያ ልትገዙ ከሆነ የምመክራችሁ ጎርሃም የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ሻንቲሊ የሚባል ዲዛይን ነው። የዋላስ ኩባንያ ግራንድ ባሮክ ፎቶ ላይ ሲታይ ልብ ይሰርቃል፣ አልክድም። ግን እንዲህ ያለ ዕቃ በእጅ ተይዞ፣ ተበልቶበት ነው የሚታወቀው።

አሜሪካኖች ጋ ይህ የቆየ የሰርግ ወግ ነው። ሙሽሮቹ አንድ ዲዛይን ይመርጣሉ፣ ዘመድ አዝማዱ እየተካፈለ ይገዛላቸዋል፣ የጎደለውን ደግሞ ቀስ እያሉ ያሟላሉ። እዚህ ሜሪላንድ የማውቃቸው የኛ ልጆችም ሊያገቡ ሲሉ ይጠይቁኛል።

አንዴ የጀመራችሁት ዲዛይን ዕድሜ ልክ አብሯችሁ ይኖራል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው በቀላሉ መገኘቱን ነው። ሻንቲሊን ጎርሃም ያወጣው በ1895 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ንድፉ የዊሊያም ኮድማን ነው። ከዚያ ወዲህ በገፍ ሲሠራ ስለኖረ አንድ ማንኪያ ቢጠፋባችሁ ምትኩን ፍለጋ አትንከራተቱም፤ ጨረታ ቤትም፣ የድሮ ዕቃ መሸጫም፣ ኖርዝ ካሮላይና ያለው ሪፕሌስመንትስ የተባለ የገበታ ዕቃ ምትክ መሸጫም ጋ ታገኙታላችሁ። ጌጡ ጫፉ ላይ ተሰብስቧል፣ የቀረው መያዣ ለስላሳ ነው። ከማንኛውም ሳህን ጋር ይሄዳል።

ግራንድ ባሮክ የ1941 ሥራ ነው፣ የዊሊያም ዋረን። ከፊትም፣ ከጎንም፣ ከኋላም ተቀርጿል። ከበድ ይላል። ሲያዩት ያምራል፣ ግን ረጅም እራት ላይ ጌጡ ጣት ላይ ይሰማል። የሪድ ኤንድ ባርተን ኩባንያ ፍራንሲስ ዘ ፈርስት ደግሞ በ1907 የወጣ ሲሆን 15 ዓይነት የፍራፍሬና የአበባ እቅፍ አለው፤ የሹካው ጌጥ ከማንኪያው ይለያል። በጣም እወደዋለሁ። ደማቅ ነገር የሚወድ ሰው ይህንን ቢመርጥ አልከራከረውም። ሰፈራችን ባልቲሞር የተወለደው የኪርክ ኩባንያ ሪፑሴ የሚባል ዲዛይንም አለ፣ ከ1828 ጀምሮ የሚታወቅ፣ መያዣው ከላይ እስከ ታች አበባ በአበባ የሆነ። እነዚህን ጌጣቸው የበዛውን ፈሳሽ ማጽጃ ውስጥ አትንከሩ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጥቁረት ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ እሱ ከሄደ አበባው ሁሉ ጠፍጣፋ መስሎ ይቀራል።

ሙሉ ስብስብ ከመግዛታችሁ በፊት ትንንሾቹን የቡና ማንኪያዎች ብቻ ግዙ። ዋጋቸው ይቀላል፣ ለሲኒም ልክ ናቸው። ለቡና በተሰበሰባችሁ ቁጥር ስኳር እያማሰላችሁባቸው ትንሽ ሰንብቱ። ዲዛይኑ ያን ጊዜ ካልሰለቻችሁ ወደ ሹካው እለፉ። ሹካው ላይ ደግሞ መጠኑን ጠይቁ፤ የድሮው የምሳ ሹካ 18 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ የእራቱ ወደ 20 ይጠጋል፣ ሻጮች ግን ብዙ ጊዜ ሳይለዩ ነው የሚጽፉት። የኛ ቤት ምግብ በእጅ ስለሚበላ፣ እኔ ብሆን ገንዘቤን ሰላጣና ወጥ ማውጫ ትልልቅ ማንኪያዎች ላይ ነው የማውለው።

ያገለገለ መግዛት ያዋጣል፣ ዓይን ግን ይፈልጋል። ስተርሊንግ የሚል ማህተም ከኋላው ይኑር፤ 92.5 በመቶው ብር ነው ማለት ነው። ኢፒኤንኤስ (EPNS) ካለ በብር የተለበጠ ነው፣ እለፉት። የሹካው ጥርሶች እኩል ይርዘሙ፣ የማንኪያው ከንፈር የተበላ አይሁን። አንድ ሻጭ እንደ አዲስ ነው ብሎ የላከልኝ ማንኪያ ላይ እፍ ብዬ ሳየው፣ በትንፋሼ እርጥበት መሃል የተፋቀ የስም ፊደል ብቅ አለ። ቦታውን በአውራ ጣት ስዳስሰው ትንሽ ጎድጎድ ብሏል። መለስኩለት። እናንተም እፍ ሳትሉ ገንዘብ አትክፈሉ።

ስለ አያያዝ ብዙ የሚባል የለም። የሚያጠቁረው ድኝ ነው፣ ድኝ ደግሞ እንቁላልና ሽንኩርት ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ዶሮ ወጥ ያወጣችሁበት ማንኪያ ድስት ውስጥ አይደር። ጨውም ይበላዋል። ሹካና ማንኪያውን በእጅ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁ። ቢላዎቹን በተለይ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳትከቱ፤ መያዣቸው ውስጡ ክፍት ነው፣ ስለቱን የያዘው ማጣበቂያ በሙቀት ይለቃል።