«ኦርጅናል፣ ከስምንት ራስ ጋር» የሚባለውን የጥርስ ብሩሽ እንዳትገዙ

ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

ከሁለት ወር በፊት ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «ኦርጅናል የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ፣ ከስምንት ራስ ጋር፣ ዴሊቨሪ ነጻ፣ 1,900 ብር።» ስምንቱ ራስ አማለለኝ። ባለሞተሩ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ፣ ካርቶኑም ያምራል፣ ከፈልኩ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ይነዝራል፣ ጥርሴም የጸዳ መሰለኝ። ድዴ ሲደማ «ማጽዳቱ ነው» ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ሳምንት ራሱ መላወስ ጀመረ። አንድ ማታ እየቦረሽኩ ሳለ ቀጭ አለና ራሱ አፌ ውስጥ ተነቀለ። የመሃሉ ብረት የፊት ጥርሴን መታኝ፣ ጫፏ ተሸረፈች። ትንሽ ናት። ምላሴ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው።

ሻጩን ስጠይቀው «የአጠቃቀም ችግር ነው» አለኝ። ከዚያ ብሎክ አደረገኝ።

የእኔ መጥፎ ዕድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስፒንብረሽ ስለሚባል ባለባትሪ ብሩሽ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። ራሱ እየተነቀለ ጥርስ ይሰብራል፣ ያንቃል በሚል ነው። እዚያ ቢያንስ የሚጠየቅ አምራች አለ። የእኔ ካርቶን ላይ የአምራች ስም እንኳ የለም።

የኤሌክትሪክ ብሩሽ ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚገመግም ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 56 ጥናቶችን መርምሮ፣ ከሦስት ወር በላይ ሲጠቀሙበት የኤሌክትሪኩ ከእጅ ብሩሽ ይልቅ ጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ በ21 በመቶ፣ የድድ መቆጣትን በ11 በመቶ እንደሚቀንስ አገኘ። ብዙው ማስረጃ ያለው ክብ ራሱ ወዲህና ወዲያ በሚዞረው ዓይነት ላይ ነው። የሚነዝር ሁሉ ግን ያንን አይሠራም። ልዩነቱም እንደ ማስታወቂያው ሰማይና ምድር አይደለም። በእጅ ብሩሽ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በደንብ የሚቦርሽ ሰው ብዙም አልቀረበትም።

መግዛታችሁ ካልቀረ የብሩሹን ፀጉር በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ እዩት። የደህናው ጫፍ ድቡልቡል ነው። የእኔ በመቀስ የተቆረጠ ገመድ ይመስላል። ድዴን ሲያደማኝ የከረመው እሱ ይመስለኛል። ራሱን በእጃችሁ ሳብ ሳብ አድርጉት፣ ከተላወሰ ተዉት። ሲጫኑት የሚያስጠነቅቅ መብራት ካለው ጥሩ፣ ድድ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ አጫጫናችን ነው። ራስ በየሦስት ወሩ ስለሚቀየር መለወጫው ገበያ ላይ መኖሩንም ጠይቁ። የእኔ ሰባት ራሶች መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ሌላ እጀታ ላይ አይገቡም።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ደግሞ የቻርጀሩን ሥር ገልብጣችሁ አንብቡ። 100-240 ቮልት ካለ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። የእህቴ እንደዚያ ነው የሄደው። የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታው ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም።

የጥርስ ሐኪሟ ሸራፋዋን ለማስተካከል የብሩሹን ዋጋ ሦስት እጥፍ ጠየቀችኝ። ትናንት ቻናሉን በጓደኛዬ ስልክ ፈልጌ አገኘሁት። ስሙን ቀይሯል፣ ፎቶው ያው ነው። አሁን ከአሥር ራስ ጋር ሆኗል።