ለደብረ ብርሃኗ የስጋጃ ባለሙያ ምስጋና፣ ለሚማሩና ለሚያሠሩ ጥቆማ

ታናሽ እህቴን በደብረ ብርሃን ከተማ የስጋጃ ሥራ ያስተማሯትን እናት በአደባባይ ለማመስገን፣ ሙያውን መማር ወይም ስጋጃ ማሠራት ለምትፈልጉም እሳቸውን ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ ፈቃዳቸውን አክብሬ «እትዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እህቴም የምትጠራቸው እንዲሁ ነው።

ስጋጃ የሚሠራ ባለሙያ በከተማችን አይጠፋም። የመንዝ በግ ፀጉር ከጥንት ጀምሮ በርኖስ፣ ባናና ዝተት ሲሠራበት የኖረ በመሆኑ፣ ፀጉር ማጠብ፣ መንደፍና በእንዝርት መፍተል በሰሜን ሸዋ ደጋ ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እትዬን ለየት የሚያደርጋቸው፣ ተማሪዋን የሌላ ሰው ንድፍ አስገልብጠው ከማሰናበት ይልቅ የራሷን እንድታወጣ መርዳታቸውና ንድፉ ሲነቀፍም አብረዋት መቆማቸው ነው።

እህቴ እንደ ማንኛውም ጀማሪ የአንበሳና የመስቀል ንድፍ እያየች ክር በድሩ ላይ መቋጠር ተማረች። እጇ ሲፍታታ ግን የእናታችን አገር የመንዝ እርሻ በስጋጃ ላይ እንዲወጣ ፈለገች፤ በድንጋይ ካብ የተከፋፈለው የገብስ ማሳ ከተራራ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት እንደሚታየው፣ ያውም ምንም ቀለም ሳይነከር፣ በጎቹ በተፈጥሯቸው በሚሰጡት ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማና ግራጫ ፀጉር ብቻ። ገና ድሩ ላይ ሳለ ያየው ሁሉ ተናገረ። «ድንጋይ በድንጋይ፣ ይህ ምኑ ስጋጃ ነው?» ያሏት ነበሩ፤ «ቀለም የሌለው ነገር ሳሎን ያጨልማል» ያሏትም ነበሩ። አንድ ነጋዴ ደግሞ መስመሮቹ ተደበላልቀው ምንነታቸው አይለይም፣ ጠርዙም ወደ ውስጥ ገብቷል ብሎ ሳይገዛ ሄደ። ከዘመድም ቢሆን ገበያ ያለውን አንበሳ ብትሠራ ይሻላታል ብሎ ያልመከራት አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ እትዬ በዚያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ነው። «አይዞሽ» ብለው ብቻ አላለፉም። የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ አስነገሯትና የነጋዴውን ቃል ለይተው ያዙ። ጠርዙ የገባው በቋጠሮ ረድፎች መካከል የሚያልፈው ማግ ከልክ በላይ ስለሚወጠር መሆኑን አሳዩአት፤ ማጉን መጀመሪያ እንደ ቅስት ላላ አድርጋ እንድትዘረጋው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ታች እንድትመታው አለማመዷት። የመስመሮቹ መደባለቅ ግን ከክሩ ውፍረት የመጣ ነበር። ንድፍ በካሬ ወረቀት ሲሣል አንዱ ካሬ አንድ ቋጠሮ ማለት ነው፤ በእጅ የተፈተለ የመንዝ በግ ክር ደግሞ ወፍራምና ሸካራ በመሆኑ፣ በአንድ ቋጠሮ ስፋት የተሣለ መስመር አጠገቡ ባለው ፀጉር ይዋጣል። ስለዚህ ካቡን በሦስት ቋጠሮ አስወፍረው፣ የማሳዎቹንም ቁጥር አስቀንሰው በአዲስ ወረቀት አሣሏት። ከዚያም ከየቀለሙ እፍኝ እፍኝ ፀጉር መሬት ላይ ደርድረው እሷን በር ላይ አቆሟት፤ ቡናማውና ግራጫው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከዚያ ርቀት እንደማይለዩ በዓይኗ አየችና ሁለቱን በነጭ አራራቀቻቸው።

ሐሳቡንና ቀለሙን የነቀፉትን በተመለከተ ግን አንዲት ነገር አላስለወጧትም። «ጠርዙ ተበላሸ ላለሽ ጠርዙን አስተካክዪለት፤ ድንጋይ ምን ስጋጃ ይሆናል ላለሽ ግን ጨርሰሽ አሳዪው» አሏት። በእኔ እምነት ብዙ ወጣቶች የጀመሩትን የራሳቸውን ሥራ የሚተዉት፣ ከተሰነዘረባቸው ነቀፋ ውስጥ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው የሚለይላቸው ታላቅ ስለሚያጡ ነው። እህቴ ይህን ታላቅ በማግኘቷ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

በአዲስ ድር እንደገና የተሠራውን ስጋጃ ከአዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ቤተሰብ ገዝቶታል። ሥራዋን አሁንም የማይወዱት አሉ፤ እሷ ግን የጓሳ ሣር ነፋስ ሲያጋድመው የሚያሳይ ሌላ ንድፍ ጀምራለች።

ለመማር የምታስቡ፣ እትዬ ድር ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት ፀጉር ማጠብና መፍተል እንደሚያስጀምሩ እወቁ። ቅባቱ በለብታ ውኃ በደንብ ያልወጣለት ፀጉር በኋላ ይሸታል፣ አቧራም ይይዛል የሚል ጽኑ አቋም ስላላቸው በዚህ ላይ አይደራደሩም። ለምታሠሩ ደግሞ ሥራቸው ጠንካራ ነው፣ ግን አይቸኩሉም፤ ለሠርግ ወይም ለቤት ምረቃ ከሆነ ወራት አስቀድማችሁ እዘዙ። ለስላሳ የምትፈልጉ ከሆነ አዋሲ ከሚባለው ከውጭ የመጣ የበግ ዝርያ የተዳቀለ በግ ፀጉር እንዲቀላቅሉላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ግማሽ ቀብድ ይቀበላሉ፤ የተስማሙበትን ዋጋ በመካከል ሲጨምሩም አላየሁም።

ስልካቸውን በግል መልእክት ለሚጠይቀኝ በፈቃዳቸው እሰጣለሁ። በገበያ ቀን ራሳቸው ፀጉር መርጠው ሊገዙ ስለሚወጡ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉላቸው።